ዝናብ ሲጀምር ማይኩ ይዘጋል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ለሙከራ ያነበብኩት ስለ ባሕር ማዕበል ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም አላየሁም። ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ የላይኛው ቤት፣ ግድግዳው በስፖንጅ ፍራሽ በተሸፈነ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ቤት ስለሚያህል ሞገድ ዘጠኝ ገጽ አነበብኩ።

ቀጣሪዬ ጋሽ ታደሰ ከመስታወቱ ማዶ አገጫቸውን ይዘው ሲያዳምጡ ቆዩ። ድምፄ ጥሩ እንደሆነ፣ ማዕበሉን ግን እንደ ሰርግ ጥሪ እንዳነበብኩት ነገሩኝ። ሰው መፍራት አለበት አሉ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሳስፈራራ ኖርኩ።

የምንተርካቸው ዘጋቢ ፊልሞች ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ አውሎ ነፋስ፣ በረዶ፣ ድርቅ፣ ሰደድ እሳት። ተርጓሚው ጽሑፉን ያመጣል። እኔ ለአፌ እንዲመች አስተካክዬ ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ በእርሳስ ጭረት አደርጋለሁ። ትንፋሼ ማይኩን እንዳይመታው በሽቦ ቀለበት ላይ ናይለን ካልሲ ወጥረናል። ካልሲው የኔ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ረዳት ተራኪ ተብዬ የእንስሳትና የልጆች ድምፅ ብቻ ይሰጠኝ ነበር፤ ዋና ተራኪ የሆንኩት የቀድሞው ተራኪ ጉሮሮውን ታምሞ ሲተው ነው።

ቀረጻውን የሚመራው ስዩም ነው። ብዙ አያወራም። ሁለት ጣት ካነሳ ጀምሪ፣ መዳፉን ከዘረጋ አቁሚ ማለቱ ነው። በክረምት ከንባብ ይልቅ መዳፉን ሳይ እውል ነበር፤ ጣሪያችን ቆርቆሮ ነዋ። «ዝናብ ሲጀምር ማይኩ ይዘጋል» ብሎ በሩ ላይ በማርከር ጽፎበታል። የዓለምን ማዕበል የምንተርክ ሰዎች ካፊያ አንችልም ነበር።

እሱን ጊዜ እወደው ነበር። በረንዳው ላይ ወጥቼ የጦሳ ተራራ በጉም ሲዋጥ አያለሁ። የሞገዱ ድምፅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም። ከታች ባጃጆቹ መብራታቸውን አብርተው በጉሙ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲያልፉ ጀልባ ይመስሉኛል። አንዳንድ ቀን የሚዘንበው ደሴ ላይ ይሁን ጽሑፉ ውስጥ ይጠፋብኝ ነበር። ስዩም ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አባርቷል» ሲለኝ ከሩቅ አገር የምመለስ ይመስለኛል።

አንድ ክረምት ከኮምቦልቻ ወጣ ያለ መንደር በጎርፍ ተመታ። የሰው አገር ማዕበል ማንበብ የሰለቻቸው ጋሽ ታደሰ፣ የራሳችንን ፊልም እንሥራ አሉ። በፊልሙ መሐል ያሉት ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ጎርፉ ባለቤታቸውን ዘይነባን ወስዶባቸዋል። ለካሜራው ሁሉንም ነገሩን፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ ፊልሙ ለሰው ከመታየቱ በፊት እሳቸው እንዲሰሙት። እኛም ቃል ገባን።

ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተማርኩትን ሁሉ አፈሰስኩበት፤ ጨካኙ ዝናብ፣ ደም የጠማው ደመና፣ ነፍሰ ገዳዩ ሰማይ። ስዩም ስቀዳ ክንዱ ላይ ያለው ጠጉር መቆሙን አሳየኝ። ኮራሁ።

ጋሽ እንድሪስ ኮምቦልቻ ልጃቸው ቤት ተቀምጠው በላፕቶፕ ሰሙት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዝናቡን ለምን ትሰድቢዋለሽ?»

ላፕቶፑን ዘጉና ቀጠሉ።

«ሰማዩ ደርቆብን መንደሩ ሁሉ ለዱአ ተቀምጦ ነበር። ሼሁ ዱአ ያደርጋሉ፣ እኛ አሚን እንላለን። ዘይነባ ከኋላዬ ነበረች። አሚን ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። በሦስተኛው ቀን መጣ። አንቺ ነፍሰ ገዳይ ካልሽው፣ እሷ ታዲያ ምን ለምና ሞተች ልትይ ነው?»

ቁጣ የለባቸውም። «እንዲህ ከሆነ የኔን ፊትም የሷን ስምም ከፊልሙ አውጡልኝ» አሉ።

በጣም አፈርኩ። ያሳፈረኝም አለማወቅ አይደለም። አባቴ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ነበር። ጣሪያችን እያፈሰሰ፣ እኛ ከጥግ ጥግ እየሸሸን፣ እሱ «ረህመት ነው፣ አላህ ይጨምርልን» ይል ነበር። ዝናብ እንደማይሰደብ ፊደል ሳልቆጥር አውቃለሁ። ከፍራሽ ግድግዳው መሐል ስቀመጥ ግን የሰው አገር ሰው ሆኜ ነበር።

ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ ሲወጣ ጽሑፉን ልቀይረው አልኩ፤ ጋሽ ታደሰ አልተስማሙም። ሰው የወሰደ ጎርፍ ምን ሊባል ነው፣ ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ ለቅዳሜ ተይዟል፣ ያለ ሽማግሌው ደግሞ ፊልም የለንም አሉ። የሚሉት ልክ ነበር።

«እኔ ያንን ጽሑፍ ድጋሚ አላነብም ጋሽ ታደሰ» አልኳቸው። በሃያ ዓመት አላነብም ስል የመጀመሪያዬ ነው። ጉሙ ውስጥ ገባን። ከዚያ «ሁለት ጧት አለሽ» አሉኝ። በዚያ ወር ከቀትር በኋላ ሳይዘንብ የሚውልበት ቀን አልነበረም።

ያን ማታ እርሳሴን ይዤ ስድቡን ሁሉ ሰረዝኩ። የቀረው ትንሽ ነው። መንደሩ ዝናብ ለመነ። ዘይነባም ለመነች። ዝናቡ መጣ። ከተራራው የወረደው ውሃ ብዙ ነበር። ዘይነባ ጥጃዋን ልትፈታ ገብታ አልወጣችም። ከየዓረፍተ ነገሩ በኋላ ጭረት አደረግሁ፤ ለትንፋሽ ግን አይደለም። ሼሁ ዱአ ሲያደርጉ ሰው አሚን የሚልበትን ያህል ቦታ ተውኩ።

በሁለተኛው ጧት የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ዝናቡ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ቆርቆሮውን መታው። ስዩም መዳፉን ዘረጋ። አየሁት፤ አላቆምኩም። ቀስ ብዬ፣ ቦታውን እየተውኩ አነበብኩ። እጁ በአየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ።

ጋሽ ታደሰ ቅጂውን ሦስት ጊዜ ሰሙት። ቆሻሻ ነው፣ ዝናብ ገብቶበታል አሉ። ከዚያ «ይሁን፣ እንዳለ ተዉት» አሉ።

ጋሽ እንድሪስ አዲሱን ጽሑፍ በስልክ ሳነብላቸው «አሁን ሆነ» ብለው ነበር፤ ቅጂውን ግን አልሰሙትም። ቅዳሜ ኮምቦልቻ አዳራሹ ውስጥ ጎኔ ተቀመጡ። ውጭ ፀሐይ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የዝናቡ ድምፅ ሲመጣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ዝናብ ጣለ እንዴ?»

«በፊልሙ ውስጥ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ሳነብ ደሴ ላይ የዘነበ ነው።»

አዳመጡት። ድምፄ የዘይነባን ስም ጠርቶ ቦታውን ሲተው፣ ከኋላችን አንዲት ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ «አሚን» አለች። ጋሽ እንድሪስ ዞር አላሉም። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዛሬ አዳዲስ ተራኪዎች ይላኩልኛል። ስለ ማይክ ርቀት፣ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ካልሲው አስረዳቸዋለሁ። ከዚያ የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ ጽሑፉን ከመቅዳታችሁ በፊት ነገሩ ለደረሰበት ሰው አንብቡለት።