ሐርጌሳን ያየሁባት ክፍል

ሐርጌሳ የገባሁት ዓይኔን ታስሬ ነው። ከድንበር የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ከተማው አፍ ላይ ካለው ኬላ ሲደርስ ወታደሮች አስወረዱን። የሌሎቹን ዕቃ ፈትሸው ለቀቋቸው። እኔን ግን መልኬም አነጋገሬም አሳበቀብኝ። ሶማሊኛ የምችለው ጅጅጋ ተወልጄ ስላደግሁ ነው ብል ጭራሽ ጥርጣሬያቸው ባሰ። ያን ጊዜ የሶማሊያን መንግሥት የሚወጉት አማጽያን ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠግተዋል ይባል ስለነበር፣ ከወዲያ ማዶ የመጣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ወጣት ለእነሱ ሰላይ ነው። እኔ ደግሞ የሸሸሁት ከራሴው መንግሥት ነበር። አስተማሪ ነበርኩ፤ ለብሔራዊ ውትድርና ሊወስዱኝ ሲሉ ተማሪዎቼን ጥዬ ወጣሁ። አሳቤ በበርበራ በኩል ባሕሩን ተሻግሬ ኤደን መግባት ነበር።

ሸሚዜን አስወልቀው ዓይኔን በእሱው አሰሩኝ። የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ፤ የሚጠበስ ሥጋ ሸተተኝ፤ አንዲት ሴት ዋጋ ትከራከር ነበር። ድልድይ ላይ ስንወጣ የጎማው ድምፅ ተለወጠ። ከዚያ የብረት በር ተከፈተ።

ሸሚዙን ሲፈቱልኝ ክፍሉ ውስጥ ቆሜአለሁ። ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ነበር፤ ሰው ጀርባውን የሚያስደግፍበት ቦታ ግን በወዝ ጠቁሯል። ጥግ ላይ ባልዲ አለ። መስኮቱ ከፍ ያለና ጠባብ ስለሆነ ከሰማይ በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። እስረኞቹ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ።

ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሐርጌሳን ከዚህ በፊት አይቼ እንደማውቅ ጠየቁኝ። ዛሬ መግባቴ ነው፣ እሱንም ዓይኔን ታስሬ ነው አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ያመማቸው መሰለኝ።

አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "አፍረው ነው" አለኝ። "ሆቴል አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግዳ ሲቀበሉ ነው የኖሩት።"

ይህ ወጣት ነርስ ነበር። የታሰረው የቆሰለ አማጺ አክመሃል ተብሎ ነው። ሽማግሌውን ያመጧቸው ደግሞ ሆቴላቸው ውስጥ የማይታወቁ ሰዎች አድረዋል በሚል ነው። ማን እንደሆኑ ተጠይቀው፣ እንግዳን ማንነቱን ጠይቄ አላውቅም ብለው መልሰዋል። ሁሉም አደር ይሏቸዋል፤ አጎቴ እንደማለት ነው። እኔም አደር አልኳቸው። እሳቸው ማርቲ አሉኝ፤ እንግዳዬ ማለታቸው ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ስም አልነበረኝም።

በማግሥቱ ከጸሎት በኋላ አደር ሽርጣቸውን አስተካክለው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ከተማዬን ሳታይ ብትሄድ ለእኔ ነውር ነው አሉኝ፤ እግር ባይኖረንም አፍ አለን፣ ዛሬ አሳይሃለሁ። ከዚያ ቢስሚላሂ ብለው ከሆቴላቸው በር ጀመሩ።

ጠዋት አቧራው ሳይነሣ በሩ ላይ ቆመህ ስታይ ሁለት ተራሮች ጎን ለጎን ይታዩሃል አሉ። ሾጣጣ ናቸው፤ ከየትም መንገድ ብትመጣ አስቀድመው የሚቀበሉህ እነሱ ናቸው። ስማቸው ናሳ ሃብሎድ ነው። ትርጉሙን ሳውቀው ሳቄ መጣ፤ የኮረዳ ጡት ማለት ነው። አደር ግን እንዳልሰማ ሰው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። ነርሱ አንገቱን ደፍቶ ይስቅ ነበር።

ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ የበርበራ ሰዎች ሙቀቱ ሲያቃጥላቸው ወደ እኛ ይሸሻሉ አሉ። በመሐል የሚያልፈው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ጎርፉ በድንገት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሱቅ ተዘግቶ፣ ሥራ ተትቶ ሰዉ ሁሉ ድልድዩ ላይ ይሰለፋል። ወዲያና ወዲህ ማዶ የቆሙ ዘመዳሞች በጎርፉ ላይ እየተጯጯሁ ወሬ ይለዋወጣሉ።

ወደ ሻይ ቤቶቹ ሲደርሱ ክፍሉ ተበጠበጠ። የግመል ወተት ሻይ ማን ጋ ይጥማል በሚለው ላይ መስማማት አልተቻለም። ዝም ብሎ ጥግ ተቀምጦ የከረመ አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ፣ እናንተ ሻይ አታውቁም ብሎ የራሱን ቤት ጠራ። ቀጥሎ ስለ ግጥም ሆነ። ሐርጌሳ ውስጥ አዲስ ግጥም ከወጣ፣ በካሴት ተቀድቶ ከሰዓት በፊት ሻይ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል አሉኝ፤ በአንድ ስንኝ የተነሣ የተኳረፉ ወንድማማቾች አሉ። ሁሉም የሚወደውን ለማሰማት ይሻማ ጀመር። ጠባቂው በሩን በሰደፍ መታና ጸጥ አልን።

ጠባቂው ግን ሰምቶ ኖሯል። በሚቀጥለው ቀን ጠሩኝ።

ያስጠራኝ መኮንን ከደቡብ ሶማሊያ የመጣ ሰው ነበር፤ በአነጋገሩ ያስታውቃል። ወንበር ሰጠኝ። ሻይ አስመጣልኝ። ሽማግሌው ስለ ድልድዩ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ወንዙ ነግሮሃል ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። አንድ ወታደር ከተማን ሲወጋ የሚፈልገው እነዚህን ነው፤ ሽማግሌው ለአማጽያኑ እንድታደርስለት ነው የነገረህ አለ። ይህንኑ በአፌ እንድመሰክር ብቻ ነበር የሚፈልገው። ከመሰከርኩ በርበራ ድረስ በመኪና ይሸኙኛል። ካልመሰከርኩ ሰላዩ እኔ ነኝ።

ሻዩ ጣፋጭ ነበር። ኤደንም ሩቅ አልነበረችም። ነገር ግን አደር ፊታቸውን የሸፈኑበት ሁኔታ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

"እሳቸው ሆቴል አላቸው" አልኩት። "እንግዳ ሲመጣ ከተማቸውን ያሳያሉ። ሌላ ነገር የለም።"

መኮንኑ የሻዩን ብርጭቆ ከፊቴ አነሣው። "እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ" አለ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረውም። "ለእኔ ማንም ምንም አላሳየኝም።"

"ጠመንጃውን ትተው ቢመጡ ያሳዩዎት ነበር።"

የመታኝ እሱ አይደለም፤ ከኋላዬ የቆመው ወታደር ነው። የፊት ጥርሴን ያጣሁት ያን ቀን ነው። ቀጥሎ የሆነውን ብዙ አላስታውስም፤ የማስታውሰውንም መናገር አልፈልግም።

ወደ ክፍሉ ሲመልሱኝ ነርሱ አፌን በልብሱ ጫፍ ጠረገልኝ። አደር ውሃ እስክጠጣ ድረስ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። በኋላ የተባባልነውን ነገርኳቸው። ወደ ሌሎቹ ዞረው፣ "ከተማችንን ያላያት ሰው መሰከረላት" አሉ። ነርሱ ከእንግዲህ ይህ ወሬ ይቅርብን፣ እንግዳውን ያስገድልብናል አለ። ልክ ነበር።

አደር ግን፣ "ስለ ከብት ገበያው ገና አልነገርኩትም" አሉ።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ጭንቅላታቸው ጥቁር የሆነ ነጫጭ በጎች፣ ከሐውድ ሜዳ የመጡ ግመሎች፣ ዋጋውን ሌላ ሰው እንዳያውቅ በጨርቅ ሥር ጣት ለጣት እየተነካኩ የሚደራደሩ ደላሎች። ያበጠ አፌ እየጠዘጠዘኝ ሰማሁ። እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ፣ እንደዚያ ቀን ሰው መሆኔ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ገባ። መድፍ ይተኮስ ጀመር፤ አውሮፕላኖችም ከከተማው ከራሱ ማረፊያ እየተነሡ ከተማውን ይደበድቡ ነበር። መስኮቱ ምንም አያሳይም፤ እስረኞቹ ግን በጆሯቸው ያውቁታል። ይህ በገበያው በኩል ነው ይላል አንዱ። ያኛው ሻይ ቤቶቹ ጋ ነው ይላል ሌላው። የነገሩኝ ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ሲመታ ሰማሁ። በሆቴሉ አቅጣጫ ሲያርፍ ስሙን የጠራ ሰው አልነበረም። አደር መቁጠሪያቸውን ከማንከባለል አላቆሙም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጠባቂዎቹ ጠፉ። ከውጭ ቁልፉን የሰበሩት እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሩ ሲከፈት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ግድግዳው በፍንዳታው ይንቀጠቀጥ ነበር። አደር ቀድመው በሩ ላይ ደርሰዋል። መውጣት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ክንዳቸውን በሩ ላይ ዘርግተው የሚጋፋውን ሰው አቆሙ።

"እንግዳው ይቅደም" አሉ።

ማንም አልተቃወመም። ነርሱ ራሱ ወደ ጎን ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል፣ የታሰሩ ሰዎች መንገድ ሰጥተውኝ፣ በገዛ እግሬ ሐርጌሳ ውስጥ ገባሁ። ጭሱ ሰማዩን ሞልቶታል። ከጭሱ በላይ ግን ሁለቱ ተራሮች እንደተባለው ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር በእግር ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሄድን። አደር በስደተኞች ካምፕ ውስጥ በጨርቅ ድንኳን ሰው እየተቀበሉ ኖረው፣ ከተማቸው እንደገና ሲሠራ ሳያዩ ዐረፉ። ነርሱ አሁንም በሐኪም ቤት ይሠራል። እኔ ኤደን አልደረስኩም፤ ለውትድርና የሚፈልጉኝ እንዳያገኙኝ ከስደተኞቹ ጋር ተቀላቅዬ ቆየሁ። ሰላም ሲሆን ከኢትዮጵያውያን ግንበኞች ጋር አስተርጓሚ ሆኜ ወደ ሐርጌሳ ተመለስኩ፤ ቀስ በቀስ ሙያውን ለመድኩት። በፈረሰው ላይ ስንገነባ ባለቤቶቹ ከየስደቱ ይመለሱ ነበር፤ ጣራው ሳይለብስ ግድግዳው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ሻይ ያፈሉልናል። ዛሬ ኮድቡር ነው የምኖረው። እዚያ ሰፈር የእኔ እጅ ያረፈባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ በአጠገባቸው ሳልፍ እርምጃዬ ዝግ ይላል።

የአገሬ ልጆች ለግንባታና ለቤት ሠራተኝነት ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ታሪኬን ሲሰሙ ይገርማቸዋል። ታስረህ በተደበደብክበት ከተማ እንዴት ተመልሰህ ትኖራለህ ይሉኛል።

እኔን ያሰረኝ ከተማው አይደለም። ከተማው አብሮኝ ታስሮ ነበር።