አጥር ላይ የተሰጣው መግነዝ

እናቴን ፋንታዬን ከጃናሞራ ወደ ደባርቅ ያመጣኋት እግሯ ካበጠና ትንፋሽ ካጠራት በኋላ ነው። ልቧ ደክሟል ተባለ፤ በየሳምንቱ ሆስፒታል መታየት ነበረባት። እኔ የምኖረው ከከተማው ዳር፣ ዳገት ላይ ነበር። እሷን ያን ዳገት ማስወጣት አይታሰብም። ባጃጅ ላይ ተሳፈሪ ስላት ደግሞ ትቆጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ግማሽ ቀን ተጉዛ ገበያ የምትውል ሴት ናት። "በእግሬ ማርያምን ስሜ ልመለስ እንጂ ሌላ ምን አምሮኝ" ትል ነበር።

ቻላቸው የሚባል ደላላ መሀል ከተማ አንዲት ክፍል አሳየኝ። "ሆስፒታሉ በዚህ፣ ማርያም በዚያ። ተኝተሽ ቄሱ ሲያስሉ ትሰሚያለሽ!" አለኝ።

የቤቱ ባለቤት እትዬ አረጋሽ ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቁኝ። ከእናቴ ጋር አልኳቸው።

"ደህና ናቸው?"

ቻላቸው ቀደመኝ። "እትዬ፣ የጃናሞራ ሰው ታሞ ያውቃል? በብርድ የተጠመቀ!"

ሳቁ። እኔ ዝም አልኩ። እንደሚፈሩ አውቃለሁ፤ ከዚያ በፊት አንድ ተከራይ ሞቶባቸው ነበር። ተከራይ እድር የለውም፤ ድንኳኑም ለቅሶውም የቤቱ ባለቤት ላይ ይወድቃል።

ሦስት ወር ተቀመጥን። እናቴ በከዘራዋ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። መጀመሪያ የልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ፣ ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ከዚያ የማርያም በር ላይ ታርፋለች። አንዳንድ ቀን ስትመለስ "ዛሬ ሁለቴ ብቻ ነው ያረፍኩት" ትለኛለች፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏት።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን፣ እኔ ሆቴል አንሶላ ሳጥብ ውዬ ስገባ እትዬ አረጋሽ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እናቴ የልብስ ጥቅሏ እርጥበት ስለገባው መግነዟን አውጥታ አጥሩ ላይ አስጥታው ነበር። እኛ አገር ያረጀ ሰው መገነዣውን አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፣ ዝናብ ሲያባራም ፀሐይ ያስመታዋል፤ ማንም ልብ አይለውም። የማን ነው ብለው ሲጠይቋት "የኔ ነው። ጥጡን ራሴ ፈትዬ ነው ያስሸመንኩት። አያምርም?" አለቻቸው አሉ።

"እናትሽ ደግ ሴት ናቸው" አሉኝ እትዬ አረጋሽ። "ግን አንድ ጊዜ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ አልችልም። ወሩ ሲያልቅ ልቀቂልኝ።"

"እትዬ፣ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሁሉ መግነዝ አለው። ሊሞቱ ነው ማለት አይደለም።"

"ታዲያ በየሳምንቱ ሆስፒታል ምን ይሠራሉ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርዎ ያከራዩኝ ነበር?"

መሬት መሬቱን አዩ። "አላከራይሽም ነበር" አሉ።

ሌላ ቤት ስፈልግ ሰነበትኩ፤ ወሬው ቀድሞኛል። ወደ ዳገቱ ተመለስን። ከአምስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ተከራክሬ ማንን እረታለሁ?

ከዚያ ወዲህ እናቴ ከደጃፍ አልራቀችም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጣ ወደ ማርያም አቅጣጫ ትሳለማለች። "ሩቅ አይደለም፣ ይታያል" ትላለች። ስለ መግነዙ ግን ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። "ምን አጠፋሁ? ንጹሕ ጨርቅ ነው።" ምንም አላጠፋሽም እላታለሁ። ጥፋቱ የኔ ዝምታ መሆኑን አልነገርኳትም።

ኅዳር ላይ አረፈች። በዚያው ጨርቅ ገነዟት። የዳገቱ ሰዎች እድር የላትም ሳይሉ ተሸከሟት። ካህናቱ ፍትሐት እያደረሱ እስከ ማርያም ሰባት ጊዜ አሳረፏት፤ አንዱ ማረፊያ የልብስ ሰፊው ደጃፍ ሆነ። እትዬ አረጋሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዚያ ቆመው ነበር፤ ከለቀስተኛው ገቡ። ማታ ንፍሮ ይዘው ዳገቱን ወጡ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሁለት ቦታ ማረፋቸውን ነገሩኝ።

ወንበር ሰጠኋቸው፤ እጃቸውን አስታጠብኳቸው። ስለ ቤቱ ሁለታችንም አላነሳንም።