ኦምዱርማን ውስጥ ዘፈን የተከተልሁበት ቀን

የእህቴ ልጅ ሩት ካርቱም እንደምትመጣ የሰማሁት በምሠራበት ቤት ማድቤት ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ይዤዋለሁ። «እታለም፣ ልመጣልሽ ነው። ለሦስት ቀን» አለችኝ። ቢላዋውን አስቀምጬ ተቀመጥሁ።

ካርቱም በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ልጠይቅሽ ብሎ የመጣ ዘመድ አልነበረኝም። ወደ እኛ የሚመጣ የአገሬ ሰው ወይ ሥራ ይፈልጋል፣ ወይ ወደ ሌላ አገር ማለፊያ ይፈልጋል። ከተማውን አይቼ ልመለስ ያለ ሰው በበኩሌ አልሰማሁም።

ይህ የሆነው ጦርነቱ ሁላችንንም ከመበተኑ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ካየሁት ውስጥ ብዙውን ብረሳው ደስ ይለኛል። ይህን ግን እንዳልረሳው ብዬ ነው የምጽፈው።

ሩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት የድሮ የሙዚቃ ሸክላ ታጫውታለች። እንጀራዋ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ከዓመታት በፊት ለንስሐ አባቴ ቃል ከገባሁ ወዲህ ዘፈን አልሰማም። ዘፈን የሚጮህበት ቤት ሲያጋጥመኝ መንገድ እቀይራለሁ። ስለ ሥራዋ ሳናነሳ መዋደድን ሁለታችንም ለምደነው ነበር።

የሦስቱን ቀን ዕቅድ በስልክ አወጣን። እሷ ከኢንተርኔት ያገኘችውን ታነባለች፣ እኔ እሰርዛለሁ። ከዓባይ ማዶ ባለው ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ የድሮ ሸክላ የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ ተብላለች፤ እሱን ተቀበልሁ። ቀጥላ ዓባይ ዳር ዓሣ መብላት አለች።

«ፍልሰታ እኮ ነው፤ ሕፃናት እንኳ ይጾሟታል» አልኋት።

«ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ።»

«የሚሉት ይብሉ። አንቺ እኔ ቤት ነሽ።»

«እሺ፣ ዓሣው ቀረ። ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት ቦታ በጀልባ መሄዱስ?»

«እሱም ይቅር።»

«ጀልባም ይጾማል እንዴ?»

ሳቄ መጣ። ለጀልባው እንኳ ምክንያቴ ጾም አልነበረም። ውሃ እፈራለሁ። ክረምት ላይ ዓባይ ሲሞላ ወደ ዳሩ እንኳ አልቀርብም። ይህን ግን ለልጅ አይነግሩትም።

የምግቡን ነገር እኔ ወሰድሁት። ይህ አገር ጾመኛ አያስርብም። ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ የሽምብራ ጣዕሚያ፣ ደብርጃን በለውዝ፤ ሁሉንም የት የት እንደማበላት አሰብሁ። ከምሠራበት ቤት፣ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር ካሉት አሠሪዎቼ፣ ፈቃድ ወሰድሁ። ጀሪፍ ሰፈር ያለችውን ክፍሌን ኖራ ቀባሁ። እህቴ ደውላ «እጅሽ ላይ ናት» ስትለኝ «ይቺን ከተማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል?» ብዬ መለስሁላት።

ያላሰብሁት አንድ ነገር ነበር። ፍልሰታን ሁልጊዜ ሱባኤ እይዛለሁ። ገዳም መግባት ስለማልችል ቤቴን ገዳም አደርገዋለሁ፤ ቴሌቪዥን አልከፍትም፣ ወሬ አልሰማም፣ በስልክ ከቤተሰብ በቀር አላወራም። በዚያ ዓመት ደግሞ ካርቱም ሰልፍ በሰልፍ ነበረች። ሰልፍ ባለ ቀን ድልድዮቹ ይዘጋሉ፣ የስልክ መስመር ይቋረጣል። የሰልፉን ቀን ከተማው ሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል። እኔ ወሬ ስለማልሰማ ለኦምዱርማን የያዝሁት ቀን የሰልፍ ቀን ሆኖ ተገኘ።

ሩት መጣች። በማግስቱ ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሰምቼ እስክመለስ ጠብቂኝ ብያት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ግቢውን የምጋራት የወሎዋ ጦይባ ልብስ ታሰጣለች።

«ልጅቷስ?»

«ኦምዱርማን ቀድሜ ልሂድ፣ ስትመጣ ትደውልልኝ ብላ ወጣች። እኔ ገና ከአሠሪዎቼ ቤት መግባቴ ነበር፤ ዛሬ አይሆንም ብዬ ስጣራ የተሳፈረችበት ሪክሻ ሄደ።»

«ለምን አይሆንም?»

ጦይባ የያዘችውን ልብስ ወደ ባልዲው መለሰችው። «አንቺ ሴት፣ ዛሬ ሰልፍ መሆኑን አታውቂም? ድልድዩ ይሄኔ ተዘግቷል።»

«ሱባኤ ላይ ነኝ።»

«እኔም ረመዷንን እጾማለሁ። ጆሮዬን ግን አስጾሜው አላውቅም።»

ደወልሁ። ስልኩ ድምፅ የለውም። የጦይባም እንደዚያው። ልጅቷ አረብኛ አትችልም። ከተማውን ያየችው ከአውሮፕላን ጣቢያ እስከ ጀሪፍ ነው። ወዲያ ማዶ ብቻዋን ናት፣ መሀሉ ተዘግቷል፤ እህቴ ደግሞ «እጅሽ ላይ ናት» ብላኛለች።

ጦይባ አብሬሽ ልሂድ አለች። ሩት ከተመለሰች ሰው ቤት ይኑር ብዬ አስቀረኋት። ነጠላዬን እንደለበስሁ፣ ውዳሴ ማርያሜን በጉያዬ ይዤ ወጣሁ። ሀፍላው፣ የከተማው አውቶቡስ ማለት ነው፣ ግማሽ መንገድ አድርሶ «ከዚህ ወዲያ የለም» ብሎ አወረደን። ከዚያ በእግሬ ነው። ከሩቅ የሰልፈኛው ድምፅ ይሰማል፤ ዓይን የሚያቃጥል ነገርም በነፋሱ ይመጣል። በጓሮ በጓሮ፣ በጥላ ጥላ ሄድሁ። አትክልት ፍለጋ፣ ቅመም ፍለጋ፣ ጠበል ለማድረስ ስል ስንት ዓመት የተመላለስሁበት ከተማ ነው። የትኛው ቅያስ የት እንደሚያወጣ እግሬ ያውቀዋል።

ድልድዩ በትልልቅ የብረት ሣጥኖች ተዘግቷል። ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙበት ዳር፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሰው ያሻግራል። የኛው ዓባይ ጭቃ መስሎ፣ ነጩ አመድ መስሎ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ይህንን ነው ሩት በጀልባ ልየው ያለችው። የሰረዝሁት እኔ ነኝ።

ቆምሁ። ሰው ሞልቶ ሊሄድ ነው። ቶብ የሚሉትን የሱዳን ሴቶች መጠቅለያ የለበሰች አንዲት ወፍራም ሴት ከጀልባው ሆና እጇን ዘረጋችልኝ። «ያላ፣ እህቴ! ውሃው አይነክስም።»

«እፈራለሁ» አልኋት በአረብኛ።

«እኔም እፈራለሁ። ነይ፣ አብረን እንፍራ።»

ገባሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እጇን ጨብጬ ውዳሴ ማርያም ደገምሁ። እሷም በጎኔ የራሷን ጸሎት ታነበንባለች። መሀል ላይ ጀልባው ሲዘም ሁለታችንም ድምፃችንን ከፍ አደረግን። ባለ ጀልባው «ሁለታችሁም ጸልዩ፤ አንዱ ይሰማ ይሆናል» ብሎ ሰው አሳቀ። ማዶ ስንደርስ ሴትዮዋ «ማንን ፍለጋ ነው?» አለችኝ። የእህቴን ልጅ አልኋት። «ልጅሽ ናታ» አለችና እስከ ገበያው አፍ ወስዳኝ ተሰናበተችኝ።

የኦምዱርማን ገበያ በደህናው ቀን እንኳ ያወቀ ሰው ነው የሚወጣው። ያን ቀን ግማሹ ሱቅ ተዘግቷል፣ መብራትም የለም። የድሮ ሸክላ የሚሸጡ ሽማግሌ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ ወደ ቀኝ ይለኛል፣ አንዱ ሞተዋል ይለኛል፣ አንዱ ደግሞ እሱ ራሱ የሚሸጠውን የእጅ ሰዓት ያሳየኛል። ዞሬ ዞሬ ያለፍሁበት ቅመም ተራ ላይ ተመልሼ ቆምሁ።

ያን ጊዜ ነው የአማርኛ ዘፈን የሰማሁት።

እግሬ ወዲያው ዞረ። ልማድ ነዋ። የአገሬ ልጆች የከፈቱት መጠጥ ቤት ይሆናል ብዬ በሌላው ቅያስ ታጠፍሁ። ጥቂት ሄጄ ጆሮዬ ግን ወደ ኋላ ቀረ። የሠርግ ዘፈን ነው። ያውም እህቴ ስትዳር፣ ዳስ ውስጥ፣ እጄ እስኪላጥ ያጨበጨብሁበት ነው። ያኔ ወጣት ነበርሁ፤ ንስሐም ሱባኤም አላውቅም። ሩት ከእናቷ የሠርግ ፎቶግራፎች ሁሉ የምትወደው እኔ አፌን ከፍቼ እልል የምልበትን ነው።

ዘፈኑ አለቀ። እፎይ ልል ስል እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አለቀ፤ አሁንም ጀመረ።

የሠርግ ዘፈን ሙሽራ በሌለበት እንዲህ ደጋግሞ የሚያጫውት ሰው የለም። ሰው ካልጠሩበት በቀር። ነጠላዬን አጠበቅሁና ተመለስሁ። ድምፁ ሲደክም እመለሳለሁ፣ ሲበረታ እገፋለሁ። በብረታ ብረት ተራ አልፌ፣ በተዘጋ ጫማ ቤት ጥግ ታጥፌ አንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ደረስሁ። በሩ አናት ላይ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ከሥሩ ሩት በዱካ ተቀምጣ ፉል በዳቦ ታጠቅሳለች።

ስታየኝ ዳቦው ከእጇ ወደቀ። አቀፍኋት።

«እታለም፣ ድልድዩ ዝግ ነው አሉኝ። በምን መጣሽ?»

«በጀልባ።»

«አንቺ? በጀልባ?»

«በጀልባ አልኩሽ።»

ባለ ሱቁ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ አንድ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ዐም ኢድሪስ፣ አጎት ኢድሪስ እንደማለት፣ ነው የሚሏቸው። የሆነውን በአረብኛ አጫወቱኝ። ልጅቷ እንደገባች ድልድዩ ተዘጋ፣ ስልክም ጠፋ። አክስቴ ትመጣለች እያለች በእጅ ምልክት ታስረዳቸዋለች። እሳቸውም በዚህ ገበያ መንገድ ጠያቂ እንደማይሳካለት ያውቃሉ። ስለዚህ የሐበሻ ሸክላ የያዘውን ሣጥን ሰጧትና «አክስትሽ የምታውቀውን ምረጪ» አሏት፣ እሳቸውም በምልክት። መብራት ስለሌለ የመኪና ባትሪ ከጎረቤት ተዋሱ። ውስጥ የነበረውን ማጉያ አውጥተው በራፍ ላይ ሰቀሉ። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ነገሩ ሲገባቸው ፉሉን የላኩት እነሱ ናቸው።

«ልጄ» አልኋት ለሩት፣ «ዘፈን እንደማልሰማ እያወቅሽ?»

«አልሰማም እንጂ አላውቅም አላልሽኝም። ይኸው ሰምተሽ መጣሽ።»

«አልሰማሁም። ተከተልሁት እንጂ።»

ይህንን ለዐም ኢድሪስ ስተረጉምላቸው ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ከጎረቤቱ ሱቅ በዳቦ የተሞላ ሌላ ፉል አስመጡልኝ። ጾመኛ መሆኔን ስነግራቸው ቅቤ የለውም፣ ሰሊጥ ነው ብለው ራሳቸው አሽትተው አረጋገጡልኝ። የምበላበት ሰዓት አልደረሰም ነበርና በሶፍት ጠቅልዬ ያዝሁት።

ሩት ሸክላ ስትመርጥ ዋለች። ሽማግሌው ገዥ ተቀምጦ ሙሉውን ሳያዳምጥ አይሸጡም። እኔም ከደጅ ዱካ ላይ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያሜን ዘርግቼ ጠበቅሁ። ገጽ ገልጫለሁ ለማለት ግን አልደፍርም።

በመጨረሻ ሩት ያንን የሠርግ ሸክላ አንስታ ይህንም እወስዳለሁ አለች። ዐም ኢድሪስ ከእጇ ወሰዱና በነጭ ጨርቅ ጠርገው መደርደሪያው ላይ መለሱት።

«ይሄ አይሸጥም» አሉ። «ሌላ ሰው ይጠፋ ይሆናል።»

ወደ ማታ ድልድዩ ተከፍቶ በሀፍላ ተመለስን። በማግስቱ ዓርብ አብረን ቅዳሴ ቆምን። ከቅዳሴ በኋላ ሩት ወደ ዓባይ ዳር ጎተተችኝ። በጀልባ ወጣን፤ ያሁኑን ዓይኔን ሳልጨፍን። አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ለእህቴ ምን ብላ እንደነገረቻት በስልክ ሰማሁ። «እናቴ፣ ከተማው የእሷ ነው» አለቻት አሉ።

ይህን ቃል ይዤው እኖራለሁ። ሰው ቤት ምግብ አብሳይ ነበርሁ፤ ያም አያሳፍረኝም። ነገር ግን ያን ቀን ያቺን ከተማ ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ፣ የፈራሁትን ውሃ ተሻግሬ፣ እጄ ላይ የተሰጠችኝን ልጅ አግኝቻለሁ። ኩራት ኃጢአት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህኛውን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ፈገግ አሉ።

አሁን የምኖረው እዚያው ሱዳን፣ ወደ አገሬ ድንበር ቀረብ ባለችው ገዳሪፍ ነው። ጦይባ ወሎ ገብታለች፣ ደህና ናት። ያ ገበያ ግን ብዙው ተቃጥሏል ይላሉ። ዐም ኢድሪስ ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ ያን ቀን እዚያ ለነበራችሁ ነው የምለምነው። ባትሪውን ያዋሳችሁ፣ ፉሉን የላካችሁ፣ በጀልባው ላይ እጄን የያዝሽኝ እህቴ፣ ወይም ከእናንተ ጋር የሚገናኝ ይህን የሚያነብ ሰው ካለ፤ ሽማግሌው ያሉበትን ንገሩኝ። ያንን ሸክላ ሌላ ሰው ቢጠፋ ብለው ነው ያስቀመጡት። አሁን የጠፉት እሳቸው ናቸው። ሸክላውን ያገኘ ሰው ካለም በር ላይ ወጥቶ አንድ ጊዜ ያጫውተው። ዘፈን አልሰማም፤ ያንን ግን እከተለዋለሁ።