ቀማሽ የሌለበት ጭኮ

ላሊበላ ውስጥ ጭኮ እሠራለሁ የማትል ሴት የለችም። በሶውን በቅቤ ታርስና ማር ጠብ ታደርግበታለች፣ ከዚያ በእጇ ጨብጣ ጎረቤት ትጠራለች። እንዲህ ዓይነቱን ጭኮ ውባንቺ ፊት ባታነሱት ይሻላችኋል። እሷ ገብሱን ራሷ ካልቆላች፣ በሶውን ራሷ ካልነፋች እንቅልፍ አይወስዳትም። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ሲነጠር ከጎኑ ንቅንቅ አትልም። ባሏ ጋሻዬ ከቀፎ ቆርጦ ያመጣውን ነጭ ማር እንኳ አሽትታ፣ በጣቷ አንጠባጥባ፣ አላምር ካላት ትመልስበታለች። እሱም ይስቅባታል እንጂ አይቀየማትም።

የገና ጭኮ ግን አንድ ጣጣ አለበት። ቅቤ ስለገባበት በጾም ይሠራል እንጂ አይቀመስም። ጾሙ የሚፈታው በዓሉ ጧት ነው፤ ጭኮው ደግሞ ቀደም ብሎ ተሠርቶ፣ ቅቤና ማሩን ጠጥቶ ማደር አለበት። እና ሴቶቹ ምን ያደርጋሉ? ሰባት ዓመት ያልሞላው፣ ጾም ያልያዘ ልጅ ፈልገው ያስቀምሳሉ። ልጅ ያላት ልጇን፣ የሌላት የጎረቤቷን ልጅ ትጠራለች። በውባንቺ ቤት ድሮ ቀማሿ ልጇ ማኅሌት ነበረች። እሷ አድጋ ጾም ስትይዝ የጎረቤታቸው የባንችይርጋ ልጆች ተራ በተራ እየመጡ ቀመሱ። በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ከእንግዲህ አትወልድም ባለበት ጊዜ፣ አዳም ተወለደ።

አዳም ነገሩን እንደ ሹመት ነው የያዘው። በርጩማዋን ራሱ ጎትቶ ይመጣና አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ካልጣመው ማባበል የለ፣ ይሉኝታ የለ፤ እዚያው መዳፉ ላይ ይተፋውና "ማር ያንሰዋል" ይላል። ከጣመው ደግሞ ገበቴው ላይ ይተኛበታል። ጋሻዬ "ይኼ ልጅ ዳኛ ነው የሚወጣው" እያለ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አዳምን ትኩሳት ጣለው። መንገዱ በተኩስ የተዘጋበት ሰሞን ነበር። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ጨርሰናል፣ ወልድያ ውሰዱት አላቸው። በምን ይውሰዱት? ጋሻዬ ልጁን አዝሎ መናኸሪያ ድረስ ወጣ፤ መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። ቆሞ ቆሞ፣ ልጁን እንዳዘለ ተመለሰ። በማግስቱ ቀበሩት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ዝም አለ። ተጣልተው አይደለም፤ መጣላት ቢሆን እኮ መልካም ነበር። እንደ እንግዳ ነው መከባበር የጀመሩት። እንጨት አለ ወይ፣ ውኃ ተቀዳ ወይ፣ በቃ። ስሙን የሚጠራ ጠፋ። ውባንቺ ስሙን ብጠራው ጋሻዬ ይወድቅብኛል ትላለች። ጋሻዬም ስለ እሷ እንደዚያው ይፈራል። ማኅሌት ደግሞ ሁለቱንም ትፈራለች። ሦስቱም ለየብቻ ያለቅሳሉ፤ ታዲያ ሲገናኙ ፊታቸውን ታጥበው ነው።

ማኅሌት የምትሠራበት ሆቴል እንግዳ ካጣ ቆይቶ ነበርና በሩን ዘጋ። ልጅቷ ቤት ዋለች። እዚያ ዝምታ ውስጥ ስትውል ስትውል አንድ ቀን፣ ራት ቀርቦ ሳለ፣ "የገና ማግስት እሄዳለሁ። ዓረብ አገር፤ ጉዳዩን ጨርሻለሁ" አለች። ጋሻዬ መሬት መሬት እያየ "እግዜር ይከተልሽ" አለ። ውባንቺም አፏን ያዛት። ሆዷ ግን ዝም አላለም፤ አንዱን አፈር በላብኝ፣ ይህችን ደግሞ ባሕር ሊበላብኝ ነው ይላል። ተነስታ እግሯ ላይ ብትወድቅ በወደደች። ግን ልመና እንኳ አንደበት ይፈልጋል፤ የእሷ ጠፍቶባታል።

የቀራት አንድ ነገር ገና ነበር። ማኅሌት ከልጅነቷ ጀምሮ ጭኮ በሚሠራበት ቀን ከቤት አትወጣም፤ እጇን እስከ ክርኗ ቅቤ አስነክታ ከእናቷ ጋር ስትቀላለድ ትውላለች። ዓውደ ዓመቱ እንደ ወጉ ከሆነ ልቧ ይመለስ ይሆናል አለች ውባንቺ። ጭኮው እንደ ድሮው ከጣመ፣ ልጄ ቤት አለኝ ብላ ትቀር ይሆናል። አትፍረዱባት፤ ሌላ ምን ነበራት?

ገብሱን ከወትሮው በላይ መርጣ ቆላች። በሶውን ሁለቴ ነፋች። ቅቤውን ጥዳ፣ ቅመሙን ጨምራ፣ ጨዉን በእጇ መጥና በተነችበትና ማሩን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ይሄኔ ማኅሌት ከውጭ መጣች። የጨው ጣሳው ክፍቱን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። እማዬ ረስታለች አለች በልቧ። እውነትም ውባንቺ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ብዙ ትረሳ ነበር፤ በር ትረሳለች፣ ድስት ጥዳ ትረሳለች። ባለፉት ዓመታት ቢሆን "አንቺ እማዬ፣ ጨው ጨምረሻል?" ብላ ትጮህ ነበር። አሁን ግን ረሳሽ ብላ እናቷን ማሳፈር አልፈለገችም። ዝም ብላ ጭብጥ ሙሉ ጨው ቅቤው ውስጥ ጨመረችና ጣሳውን ከደነችው። ውባንቺም ስትመለስ ጣሳው መከደኑን ልብ አላለችም።

በሶውን ገበቴ ላይ ገልብጠው፣ ቅቤውንና ማሩን አፍስሰው፣ እናትና ልጅ አብረው አሹ። መዓዛው ቤቱን ሞላው። ቀለሙም አማረ። ማኅሌት እጇን ሳታቋርጥ፣ "የባንችይርጋን ትንሿን ልጥራት እንዴ?" አለች።

"ምን ልትሆን?"

"ልትቀምስልን።"

የውባንቺ እጅ በሶው ውስጥ ቀጥ አለ። የሰው ልጅ መጥታ በዚያች በርጩማ ላይ ልትቀመጥ፣ አፏን ልትከፍት ታያት። ስንት ዓመት የጎረቤት ልጅ ሲያስቀምሱ አልኖሩም? ኖረዋል። ያ ግን ከአዳም በፊት ነው። ዓይኔ እያየማ አላደርገውም አለች በልቧ።

"ይቅር፤ እጄ ያውቀዋል" አለች።

እጅ ደግሞ ስለ ጨው ምን ያውቃል?

በበዓሉ ጧት፣ ዝማሬው አልቆ፣ መንገዱ ስለተከፈተ ከየአገሩ የመጣውን ነጭ የለበሰ ተሳላሚ በትከሻቸው እየገፉ ወደ ቤት ተመለሱ። ቤቱ ተጎዝጉዞ ነበር። ውባንቺ ጭኮውን በሌማት አቀረበች፤ ጋሻዬ ባርኮ ለሁሉም ቆረሰ። ራሱ ቀድሞ ጎረሰ። መንጋጭላው አንዴ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ከዚያ እንደ ምንም ዋጠው።

"እጅሽን ይባርከው" አላት።

ማኅሌትም ጎረሰች፤ አኝካ ዋጠች፤ ምንም አላለችም። ውባንቺ ሁለቱ ሲበሉ ስታይ ብዙ ጊዜ ያልቀመሰችው ደስታ ልቧን ዳሰሰው። ሦስተኛዋ እሷ ጎረሰች። ጨው ነበር። ማሩም ቅቤውም የት እንደገቡ አይታወቅም፤ ምላስ የሚሰነጥቅ ጨው። ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ ሁለተኛውን ቆርሶ ሊጎርስ ነው። ልጇም እጇን እየዘረጋች ነው። ለእሷ ብለው ሌማቱን ሙሉ ሊጨርሱት እንደሆነ ገባት።

ማኅሌት የያዘችውን ቁራሽ መልሳ አስቀመጠችው።

"አዳም ቢሆን ይተፋው ነበር" አለች።

ከቀበሩት ወዲህ ስሙ በዚያ ቤት ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ጋሻዬ ተነስቶ ወጣ። ከግድግዳው ጀርባ ሲያለቅስ ተሰማ፤ ወንድ ልጅ ሊደብቀው እየታገለ የሚያለቅሰው ዓይነት ነው። ውባንቺ ግን ስሙ ሲጠራ አንደበቷ ተፈታ። እጇን በልጇ ጉልበት ላይ ጣለች።

"አትሂጂብኝ ልጄ። ባዶ ቤት አታስታቅፊኝ።"

ማኅሌት የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። "እዚህ ብቀር እኮ እኔም እንደናንተ እየዋጥኩ ነው የምኖረው" አለች። "ዛሬ ጨውን ዋጥን፤ ነገ ሌላ እንውጣለን። አልችልም እማዬ። አፈነኝ።"

ውባንቺ የተቆረሰውን ሰብስባ ሌማቱን ከደነች።

በማግስቱ ጧት የልጅቷ ሻንጣ ደጃፉ ላይ ወጣ። መናኸሪያ የሚያደርሳት ባጃጅ ይመጣል ተብሏል። መንገደኛ ያለ ስንቅ አይወጣምና ውባንቺ ያንን ጨዋማ ጭኮ ገበቴ ላይ ገለበጠችው፤ በሶ እየጨመሩ፣ ማር እየደገሙ ጨዉን ሊያበርዱት እናትና ልጅ እንደገና ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሁን ጾም የለም፤ ውባንቺ በገዛ አፏ ቀመሰች። ጨዉ አልለቀቀም። ማኅሌት በሶ ጨመረች፣ አሸች። እናቷ እንደገና ቀመሰች፤ ትንሽ ይቀረዋል። ሲያሹ ሳቅ ቢጤም መጣባቸው፤ ማኅሌት ጨዉን መድገሟን ተናገረች፣ እናቷም "ለካ አንቺ ኖረሻል!" ብላ በክርኗ ጎሸመቻት። ባለፉት ወራት እንደዚያ ተቀራርበው አያውቁም።

በሦስተኛው ጭኮው ደረሰ። መድረስ ብቻ አይደለም፤ ውባንቺ በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ጭኮ አልሠራችም። ማሩ ከኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ገብሱ አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ምላሷ ላይ ይዛው ቆየች። ደርሷል ካለች ልጅቷ ትነሳለች።

"እንዴት ነው?" አለች ማኅሌት።

"ገና ነው" አለች ውባንቺ።

ማኅሌት በሶ ጨመረች። አሸች።

"አሁንስ?"

"ገና ነው።"

እንዲህ እያሉ የበሶው ጆንያ ተራገፈ። ባጃጁ ደጅ ላይ ጡሩምባውን ነፋ። ጋሻዬ ሻንጣውን ሲያነሳ ይሰማል። ጭኮው በሶ በዝቶበት እጅ ላይ መፈርፈር ጀምሯል፤ ውባንቺ ከእሱ ላይ ቆርሳ አፏ ከተተችና ልጇን ሳታይ "ገና ነው" አለች።

ማኅሌት በጣቷ ጫፍ ነክታ ቀመሰችው።

"አውቃለሁ፣ እማዬ" አለችና እጇን ልትታጠብ ተነሣች።