ስልኳን በነጠላ የምትሸፍነው ሴት

ከማንኩሳ ተሳፍራ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ፀጉሯ እንደ እኔው ሸብቷል፤ በዕድሜም ከእኔ አታንስም። ቀጭን እጇ ላይ የሰፋ የወንድ ሰዓት አስራለች።

ስልኳ ላይ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጻፍባቸው ቃላት ከነትርጉማቸው ተደርድረዋል። አንዱን ታነብና ስልኩን በነጠላዋ ሸፍና ፍቺውን በቃሏ ትላለች፤ ከዚያ ገልጣ ታያለች። ከሳተች እንደ ቆሎ ተማሪ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

«ዋይል፤ ነገሩ እውነት እስከሆነ ድረስ ደጋግመህ ሥራ» ስትል ሰማኋት።

ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ ሳቀ። «እትዬ፣ ይኼ እኮ የልጆች ነገር ነው።»

«ልጆቹስ ከእናታቸው ሆድ ይዘውት ወጡ?» አለችው ዞር ሳትል። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «አምና ፈተና ላይ የጣሉኝ እነዚህ ቃላት ናቸው። ዛሬ ግን እንተያያለን» አለች።

ቡሬ ደርሰን አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ በር ላይ ስትወርድ «እመቤቴ ትከተልሽ» አልኳት።

«አሜን» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ሚኒባሱ ሳይነሳ የዘበኛው ድምፅ ተሰማን። «እናቴ፣ ልጅዎን ሊጠይቁ ነው?»

«ልጄ ቤት ነው። የምፈተነው እኔ ነኝ፤ በሩን ክፈተው።»