በአስቴር ጾም የተዘለሉት ሦስት ኪኒኖች

ባለፈው ሳምንት ከከተማችን ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ የማንጎ ፌስታሏን ጭኗ ላይ እያመቻቸች፣ «ኪኒን? ተይኝ እባክሽ! የባሌ እህት እየዋጠች አይደል እንዴ ያረገዘችው» አለች። ሌላዋ «ታዲያስ! ስሙ ነው እንጂ ከረሜላ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ ከኋላቸው ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። «እንዴት ነበር የምትውጠው?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት መኪናው ቆመና ወረዱ። ጥያቄዬ አፌ ውስጥ ቀረ።

ጥያቄ አፌ ውስጥ ሲቀር አልወድም። ድሮ ቢሆን ቤት ገብቼ አኩርፌ እተኛ ነበር። አሁን ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ተናዶ መጻፍ እንዲህ ደስ እንደሚል የደረስኩበትም በቅርቡ ነው። ስለዚህ ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

ቤተሰቦቼ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ገጠር፣ ላንቴ፣ ሙዝ ነው የሚያለሙት። ለትምህርት ብዬ ታላቅ እህቴ ማርታ ጋር ሴቻ እኖር ነበር። ማርታ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የኳየር መሪ ናት፤ ድምጿን ስታወጣ ከግቢ ውጭ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይቆማል። ባሏ እስራኤል ካምባ ወረዳ ይሠራ ስለነበር ሁለት ሳምንት እዚያ ይቆይና ዓርብ ማታ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። አንድ ልጅ አላቸው። ልጁ የተወለደው በቀዶ ጥገና ነው፤ ብዙ ደም ፈሷት፣ እናቴ ሆስፒታሉ በር ላይ መሬት ተቀምጣ ስትጸልይ አይቻለሁ። ሲያስወጧት ሐኪሙ ለሁለቱም፣ «ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንዳታረግዢ። ቁስሉ ይጥና» አለ። እሺ አሉ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ይህ በሆነበት ጊዜ ልጁ ዓመት ከሁለት ወሩ ነበር፤ ጡትም ጥሏል። ማርታ ኪኒን ትወስዳለች። እሽጉን የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ጠዋት የበቆሎ ኩርኩፋችንን በሽፈራው ቅጠል ስንበላ አንድ ፍሬ አውጥታ በሻይ ታወራርዳለች። እሽጉ ሃያ አንድ ነጭና ሰባት ቡናማ ፍሬ አለው። እሽጉን የሰጠቻት የመድኃኒት ቤት ልጅ ያስረዳቻት በሁለት ቃል ነው፤ «በየቀኑ አንድ።» አለቀ! የረሳሽ ቀንስ? ያስመለሰሽ ቀንስ? ቡናማው ለምንድን ነው? ዝም። ውስጡ የታጠፈው ወረቀት እንኳ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እህቴ ሞባይል ስትገዛ ሻጩ ግማሽ ሰዓት ቆሞ አስረድቷታል። ለማሕፀኗ ሲሆን ሁለት ቃል በቃት።

በሚያዝያ፣ ዝናቡ ቀዩን አፈር ጭቃ ባደረገበት ሳምንት፣ የእህቶች ኅብረት የአስቴር ጾም አወጀ። ለማያውቅ ሰው፣ የአስቴር ጾም ሦስት ቀን ሙሉ እህልም ውሃም የማይቀመስበት ጾም ነው። ማስታወቂያው ሲነበብ፣ «የታመመ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ ይቅርባት» ተብሏል። ማርታ አልታመመችም፣ ነፍሰ ጡርም አይደለችም፣ አታጠባም። ስለዚህ ማክሰኞ ጀምራ እስከ ሐሙስ ማታ ጾመች። ሐሙስ ማታ በአጥሚት ስትፈታ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ፊቷ ግን ያበራል።

ዓርብ ጠዋት ወደ ማጀት ስገባ መዳፏ ላይ አራት ነጭ ኪኒን አየሁ።

«ማርቲ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«የሦስቱ ቀንና የዛሬው ነዋ። አካክሰዋለሁ።»

«ሦስት ቀን አልዋጥሽም እንዴ?»

«ውሃ በአፌ አይዞርም ብዬ ለጌታ ቃል ገብቼ በምን ልዋጠው?»

«አራቱን ባንዴ ዋጪ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም። ታዲያ ምን ላድርግ ቤቲዬ? እስራኤል እኮ ዛሬ ማታ ይገባል።»

ሁለታችንም ልጁን አየነው። መሬት ተቀምጦ ማንኪያ ይነክሳል። ሐኪሙ ያለው ሁለት ዓመት ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ማታ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

«ሂጂና ጠይቂ በይኝ፤ እጠይቅልሻለሁ» አልኳት። እሷ ራሷ መሄድ አልፈለገችም። የሚያውቃት ሰው ቢሰማ «ጾም ፈታች ሳይባል የምትጠይቀው ይሄንን ነው» ይላል ብላ ፈራች። አራቱን ኪኒን የቡና ሲኒ ውስጥ አስቀምጣ እሽጉን ሰጠችኝ፤ ደብተሬ መካከል ደበቅሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፏል። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ተጠግቼ በሹክሹክታ፣ «የወሊድ መከላከያ ኪኒን ሦስት ቀን የዘለለች ሴት ምን ታድርግ?» አልኩት።

ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬ ግን ሹክሹክታ አያውቅም። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ዐሥረኛ።»

«ዐሥረኛ!» አለና ከኋላዬ ያሉትን አያቸው። «እንግዲህ ስሙልኝ። ደብተር ታቅፋ ኪኒን!»

«ለእህቴ ነው።»

«ሁሏም ለእህቷ ነው የምትጠይቀው። ቤተሰቦችሽ ያውቃሉ?»

አንዱ ሳቀ። አንዲት ሴት «ዘንድሮ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ከማንጎ ዛፍ የወደቀ የበሰለ ፍሬ ጭቃው ውስጥ ፈርጦ ይሸታል፤ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ፊቴ ይግላል። ያን ጊዜ ያናደደኝ ለእህቴ መሆኑን አለማመኑ ነበር። አሁን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ለራሴስ ቢሆን? የጠየቅሁት ስለ መድኃኒት፣ የቆምኩት መድኃኒት ቤት። ስለ ሳል ሽሮፕ ብጠይቀው ቤተሰቤን ይጠራ ነበር?

ቤት ልሄድ ነበር። ግን ለማርታ «ሰደበኝ» የሚል መልስ ይዤ ብገባ ሲኒው ውስጥ ያሉት አራቱ እንደሚዋጡ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሰዓቱን ትምህርት ትቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የእናቶች ክፍል ውስጥ ያገኘኋት ነርስ ሲስተር ውቢት ትባላለች፤ የጎንደር ሰው ናት፣ ጸጉሯን ገብስማ ወሮታል። ገና አፌን ሳልከፍት እንባዬ መጣ።

«ምነው ልጄ? ማን ነካሽ?»

እሽጉን አውጥቼ ሰጠኋት፤ ስለ ሦስቱ ቀን ጾምና ሲኒ ውስጥ ስላሉት አራት ኪኒኖች ነገርኳት። ስለ ክፍሌም ስለ ቤተሰቤም አልጠየቀችኝም። ፍሬዎቹን በጣቷ ቆጠረች። «እሰይ፣ ይዘሽው መምጣትሽ! ዘጠኙን በተራ ወስዳ ከዐሥረኛው ላይ ነው ያቋረጠች። ባለፈው ሳምንት ባሏ ቤት ነበር?»

«አልነበረም። ካምባ ነው። ዛሬ ማታ ይመጣል።»

«እንግዲያማ ቀድመሽ ደርሰሻል። ኖሮ ቢሆን ሌላ ነገር እናስብ ነበር። አሁን አራቱን ባንዴ አትዋጥ፤ ሆዷን ከማገላበጥ በቀር አይጠቅማትም። የሐሙሱን አሁኑኑ ትዋጥ፣ የዛሬውንም ትዋጥ። የቀሩትን ሁለቱን ትጣላቸው። ከነገ ጀምሮ እንደ ወትሮዋ በየቀኑ አንድ፣ በዚያው ሰዓት። ግን ሰባት ቀን ተከታትላ እስክትውጥ ድረስ ኪኒኑ ብቻውን አይመከትላትም፤ ወይ ኮንዶም ይጠቀሙ፣ ወይ ይታገሡ።»

«አንድ ቀን ብቻ ቢሆንስ የረሳችው?»

«ባስታወሰችበት ቅጽበት ትዋጥና ትቀጥል፤ በአንድ ቀን ሁለት ቢሆንም አይጎዳትም። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ሰባቱ ቀን የሚመጣ። ያን ጊዜ የቀረው ነጭ ከሰባት ካነሰ ደግሞ ቡናማውን ትተወውና ነጩ እንዳለቀ አዲስ እሽግ ትጀምር።»

«ቡናማው ለምንድን ነው?»

«የብረት ኪኒን ነው፤ እርግዝና አይከላከልም። የወር አበባዋ የሚመጣው በእሱ ሰሞን ነው። ሲያልቅ ግን በማግስቱ አዲሱን ትጀምር፤ አንድ ቀን እንኳ ልረፍ አትበል። ብዙዎቹ የሚሳሳቱ እዚያ ላይ ነው።»

ደብተሬ ጀርባ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ኪኒኑን በዋጠች በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ሌላ ትድገም፤ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አስቀድማ ትናገር፣ አንዳንዱ የኪኒኑን ጉልበት ይሰብረዋል፤ ኪኒኑ ኤች አይ ቪን አይከላከልም፤ ደረቷን ወይም ባቷን ክፉኛ ካመማት፣ ከባድ ራስ ምታት ካጣደፋት ሳትውል ሳታድር ትምጣ። በመጨረሻ ኮንዶም በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝና፣ «ለእህትሽ ስጫት። በሚቀጥለው ራሷ ትምጣ፤ እኔ አልበላትም» አለች። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ቤት ስደርስ እትዬ ድንቅነሽ ሳሎን ተቀምጠዋል። የእህቶች ኅብረት ሰብሳቢ ናቸው፤ ጾሙን ያወጁትም እሳቸው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። ማርታ ልጁን ታቅፋ አቀርቅራለች።

«መጣሽ?» አሉኝ። «ዩኒፎርም ለብሰሽ መድኃኒት ቤት ገባሽ አሉ! ሰው ሁሉ ሰምቷል። ማርታ፣ አንቺ የኳየር መሪ ነሽ። ልጅቷን ነገ ዛሬ ሳትዪ ላንቴ ለእናቷ መልሺ። አባቷ ሙዙን ሽጦ የሚያስተምራት ለዚህ ነው?»

ማርታን አየኋት። አላየችኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ቅጽበት ከሰውዬው ይልቅ በእሷ ተናድጄ ነበር። ጋዜጣው ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ መልሱ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። እሷ ዝም ካለች ግን መልሱን ለማን ነው የምሰጠው? እትዬ ድንቅነሽ ፊት የእኔ ነው ያላለችውን ኪኒን ማታ ባሏ ፊት እንዴት የእኔ ነው ትለዋለች?

«እትዬ» አለች ማርታ በመጨረሻ፤ ያ ትልቅ ድምጿ የት እንደገባ እንጃ። «እኔ ነኝ የላክኋት። ኪኒኑ የኔ ነው። በጾሙ ሦስት ቀን ስላልዋጥኩ ነው።»

እትዬ ድንቅነሽ ወደ እኔ ዞሩ፣ ወደ በሩ ዞሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። አሁን ይወጣሉ፣ አሁን ለሽማግሌዎች ይነግራሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበራቸውን ወደ ማርታ ሳብ አደረጉ።

«ሦስቱንም ቀን?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሦስቱንም።»

«እኔም እኮ» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ፣ «እና… ምን አሉሽ፣ ልጄ?»

ልጄ! ከአንድ ደቂቃ በፊት ወደ ላንቴ ልጫን ነበር እኮ! አልመልስም ልል አስቤ ነበር፤ ግን ደብተሬን ገለጥኩና ለሁለቱም አነበብኩላቸው። እትዬ ድንቅነሽ ባላቸው ቤት ስለሰነበቱ የእሳቸው ከማርታ ይለያል፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይድረሱ አልኳቸው። ሄዱም። ይቅርታ ግን አላሉኝም፤ እስከ ዛሬ።

ማርታ ሁለቱን ኪኒን ዋጠች፣ ሁለቱን ጣለች። እስራኤል ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጭቃ ተለውሶ፣ የካምባ ቅቤ ይዞ ገባ። ማጀት ውስጥ ስትነግረው ሰማሁ። «ሰባት ቀን? እኔ እኮ እሑድ ተመላሽ ነኝ!» አለና ሁለቱም ሳቁ። ቀጥሎ ሳይስቅ፣ «ሐኪሙ ሲናገር እኔም ነበርኩ፣ ማርቲ። ለምን ብቻሽን ተጨነቅሽ?» አላት።

አላረገዘችም። ያረገዘችው ካቻምና፣ ሐኪሙ ያለው ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ራሷ ፈልጋ ነው። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ዘንድሮም የአስቴር ጾም ታወጀ። ማስታወቂያው ከመነበቡ በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ማስታወቂያውን ለሚያነበው ሰው ሰጠሁት፤ «የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስዱ፣ በጾሙ ቀን እንዳታቋርጡ፤ በጥቂት ውሃ ዋጡ።» አይቶ እስክሪብቶውን አወጣና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ሰረዛቸው። «መድኃኒት የምትወስዱ» ብሎ አነበበው። ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ አላሰበም። ግን ማርታ ኪኒኗ እንደ መድኃኒት ቢታያት ኖሮ መች ታቋርጠው ነበር? ስሙን የምናፍርበትን ነገር አጠቃቀሙን ከየት እንማረዋለን? እዚያ የሰረዙብኝን እዚህ ማንም አይሰርዝብኝምና ሙሉውን ጽፌዋለሁ፦ የወሊድ መከላከያ ኪኒን። በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ በጾም ቀንም።