ማን ገደፈ?

አቶ ዘውገ ቦጋለ የገመድና የጆንያ ነጋዴ ነበሩ። ዳኝነቱ ትርፍ ሥራቸው ነው፤ ደመወዝ የለውም። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለው መንደር ሰው ሲካሰስ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እሳቸው ሱቅ ነበር። አጥቢያ ዳኛ ይባሉ ነበር። ችሎቱ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ማኅተምና በሩ ጎን የተከመረ ጆንያ ነው። ዳኛው ጆንያው ላይ፣ ከሳሽና ተከሳሽ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ጎን ለጎን መቀመጥ ያልፈለገ ቆሞ ይከራከራል።

ያን ጊዜ ችሎት የሚያቋርጡት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት የጣሊያን ጭነት መኪና ነው። ከጅማ ቡና ጭኖ ሲገባ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ምስክሩ መኪናው እስኪያልፍ ቃሉን ያቆማል። ሌላው የራጉኤል ደወልና የመስጊዱ አዛን ነው። በሁዳዴ የቅዳሴው ደወልና የቀትሩ አዛን አንዳንድ ቀን ይገጥማሉ። ያኔ ሁሉም ዝም ይላል፤ ሁለቱም እስኪያበቁ።

ክርስቲያን የሚምልበት ዳዊት በሱቁ መደርደሪያ ላይ ነበር። ሙስሊም ምስክር ሲመጣ ደግሞ ጎረቤታቸው ጨርቅ ነጋዴው ጁነዲን ከሱቁ ቁርአን ያመጣል። ራሱ ይዞት ይመጣል፣ ራሱ ይመልሰዋል። አቶ ዘውገ ነክተውት አያውቁም። ያለ ትጥበት እንደማይነካ የነገራቸው ጁነዲን ነው።

አቶ ዘውገ የቡልጋ ሰው ናቸው። ሁዳዴን ሃምሳ አምስቱንም ቀን ይጾማሉ፤ በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም። ስለዚህ በሁዳዴ ክስ ያለበት ሰው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ላለመቅረብ ምክንያት ይፈልግ ነበር። ዳኛው ሽሮ ሳይቀምሱ የሚሰጡት ፍርድ ይከብዳል ይባላል።

አንድ ዓመት ግን ሁሪያ የምትባል ሴት በሁዳዴ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቀረበች። አማርጣ አይደለም፤ ተከስሳ ነው።

ሁሪያ ከጆንያ ሱቁ ጀርባ ምግብ ቤት ነበራት። ባሏ ሲሞት ሦስት ልጆችና አንድ ትልቅ ብረት ድስት ትቶላታል። በድስቱ ቅቤ የገባበት የሥጋ ወጥ ትሠራለች። ደንበኞቿ ከስልጤ የመጡ ኩሊዎችና የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ ሁሉም ሙስሊሞች። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሲዘጋ የእሷ ድስት እንደ ወትሮው ይፈላል። ለዓመታት ማንም ምንም አላለም፤ ማድ ቤቷ ከኋላ ነበርና። በዚያ ክረምት ግን የማድ ቤቱ ጣሪያ ወደቀ። ድስቱ ወደ ፊት በር ወጣ። ሁዳዴ ሲገባ ነፋሱ ሽታውን ይዞ ሽቅብ ወደ ራጉኤል መንገድ ይሄድ ጀመር።

ማመልከቻውን የጻፈው ደብተራ ገብረ ኢየሱስ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጃንጥላ ተክሎ አቤቱታ የሚጽፍ፣ እጅ ጽሑፉ ያማረ ወጣት ነበር። አርባ አንድ ሰው ፈርሞበታል፤ አብዛኛው በአውራ ጣት። የመጀመሪያዋ አውራ ጣት የወይዘሮ ደብሪቱ ናት። ወይዘሮ ደብሪቱ የዳኛው ሚስት ናቸው።

ገብረ ኢየሱስ በፈራሚዎቹ ፊት ቆሞ አነበበ። «አገሩ የክርስቲያን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ክርስቲያን ስለሆኑ በዚህ ሰፈር በጾም ቀን ሥጋ የሚያበስልና የሚሸጥ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እንዲከለከል። ሁሪያ የተባለችውም የክርስቲያኑን ጾም በማስገደፏ ምግብ ቤቷ እስከ ፋሲካ እንዲዘጋ።»

ወረቀቱን ዘረጋላቸው። «የቀረው ማኅተም ብቻ ነው።»

«ተቀመጥ» አሉት አቶ ዘውገ። «እሷን ሳልሰማ ነው የማትመው?»

ማኅተሙ ካረፈ ፖሊስ በሩን ያሽጋል። ሁሪያ ይህን ታውቃለች። ኩሊ ከሁለት ወር ለሚያንስ ጊዜ እንኳ ሌላ ቤት ከለመደ አይመለስም። ቤቱ አንዴ ከተዘጋ ልጆቿን ይዛ አገሯ ከመግባት ሌላ መንገድ የላትም።

«ጋሽ ዘውገ» አለች ተነሥታ፣ «እኔ ክርስቲያን ጠርቼ አላውቅም። የቤቴ በር ላይ ጨረቃ ተስሏል። ማንበብ የማይችል ሰው ጨረቃ ማየትም ያቅተዋል?»

«ሽታው ላይ ጨረቃ የለበትም!» አለ ገብረ ኢየሱስ።

ሰው ሳቀ። ሁሪያም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዞረችበት። «ታዲያ በረመዳን እኔ ምላሴ ደርቆ ስውል፣ ደብተራ፣ አንተ የምትውልበትን ጠጅ ቤት ታዘጋልኛለህ?»

አሁን ሳቁ የበለጠ ሆነ። ገብረ ኢየሱስ እስኪያበቃ ጠበቀ።

«ሳቁ ግድ የለም። ግን ልጠይቃችሁ። አትስረቅ የሚለው ሕግ ከየት መጣ? አትግደል የሚለውስ? ከሙሴ ጽላት አይደለም? ያን ጊዜ የእምነታችሁ ትእዛዝ እኔን አይመለከተኝም ያለ ሰው የለም። ጾም ላይ ስንደርስ ነው የየራሳችሁ ነው የሚባለው?»

ጁነዲን ከሱቁ በር ሆኖ መለሰ። «ሙሴማ የእኛም ነው፣ ወንድሜ። ሁዳዴ ነው የእናንተ።»

አቶ ዘውገ የደብተራው ነገር ገብቷቸዋል። እሳቸውም ቢሆኑ አገሩ ሁሉ ቢጾም ደስ ይላቸው ነበር። ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ሁሪያ ዓይኗን ከማኅተሙ አላነሣችም።

«ጥፋቷን የጻፍክባትን ቃል ድገምልኝ» አሉ።

«በማስገደፏ።»

«ማን ገደፈ?»

«እንዴት ማለት?»

«የተሰረቀ ሰው መጥቶ ተሰረቅሁ ይለኛል። የተመታ ቁስሉን ያሳየኛል። እዚህ አርባ አንድ ፊርማ አለ። ከአርባ አንዱ የገደፈው ማን ነው? ይነሣና ይናገር።»

ማንም አልተነሣም። በዚያ ዘመን እስላም ያረደውን የበላ ክርስቲያን ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቆጠር ነበር። በሁዳዴ መብላት ደግሞ በላዩ ሌላ ኃጢአት ነው። ያን በችሎት ቆሞ የሚናገር ከየት ይመጣል? ገብረ ኢየሱስ ቃሏን ያስገባት አቤቱታው እንዲያምር ነው፤ ምስክር እንደምትጠይቅ አላሰበም።

«ደብተራ፣ አንተ ሽታውን አሳምረህ ታውቀዋለህ፤ አልቀመስክም?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ገብረ ኢየሱስ አማተበ። «ስም አጥፊ!»

በዚህ መካከል ወይዘሮ ደብሪቱ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ወደ ባላቸው ዞረው ቀጠሉ።

«አፌ አልቀመሰም። ትናንት ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሽታው ነጠላዬ ላይ ነበር። ካህኑ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። እናቴ ለፋሲካ የምታሳርደውን በግ ሳስብ፣ አጥንቱን ስቆጥር ቅዳሴው አለቀ። በልቤ በልቼ ነው የወጣሁት። የተጎዳ ሰው አሳዩኝ ካሉ፣ ይኸው ቆሜአለሁ።»

አቶ ዘውገ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ሌላውን ባለጉዳይ በሚጠይቁበት ድምፅ ጠየቋቸው።

«ይህች ሴት ጠርታሻለች?»

«አልጠራችኝም።»

«እንኪ ብላ አቅርባልሻለች?»

«አላቀረበችም።»

«እንግዲህ ደብሪቱ፣ የተናገርሽው እውነት ነው። ጉዳትሽም ጉዳት ነው። ግን ወደ ንስሐ አባታችን የሚሄድ እንጂ እኔ ዘንድ የሚመጣ አይደለም። እኔ አትሜበት ሥጋው ከሰፈሩ ቢጠፋ፣ አንቺ ጾምሽ አይባልም፤ አጣሽ ነው የሚባለው። እሷም ያላመነችበትን ትጾማለች። የማናችሁም ጾም አይሆንም።»

ማኅተሙን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ሁሪያ ሳታስበው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ከገብረ ኢየሱስ ጎን።

«አልጨረስኩም» አሏት። «ድስትሽ ከፊት በር ይነሣ። እዚያ በር ላይ ቆዳ የሚያለፋ ቢኖር ለእሱም ስለ ሽታው የምለው ይኸንኑ ነው።»

«ጣሪያው ወድቋል እኮ፣ ጋሼ።»

«ይሠራል። እስኪሠራ በጆንያ ጋርጂው።»

ከተቀመጡበት ክምር ላይ ጆንያ ቆጥረው ሰጧት። ችሎቱ ሲበተን ስምንት ሰዓት አልሞላም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለብቻቸው ተቀመጡ።

ጣሪያው በሳምንቱ ተሠራ። የወጋግራውን እንጨት የተሸከሙት ሽኩር የሚባል ኩሊና ጓደኞቹ ናቸው። ከፈራሚዎቹ አንዱ፣ አናጢው አገኘሁ፣ በዚያ ሲያልፍ ቆሞ አያቸው። «ጠማማ ሆኖ ሳይ ያመኛል» ብሎ መዶሻውን ተቀበላቸው። ቆርቆሮውን እስከ ማታ መታው። ውሃ እንኳ አልጠጣላቸውም።

አቶ ዘውገ ግን የፍርዱን ዋጋ ከፈሉ። በዚያ ወር በማኅበራቸው ዝክር ላይ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በዓመቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለአጥቢያ ዳኝነት ሌላ ሰው ጠቆሙ። ወይዘሮ ደብሪቱ እስከ ፋሲካ ሽሮውን አቅርበውላቸው ራሳቸው ጓዳ ገብተው ለብቻቸው ይበሉ ነበር። አቶ ዘውገ ይግባኝ አላሉም። ገብረ ኢየሱስ ደግሞ ድልድዩ አጠገብ ቀለም ሳይነክር በፊት ባለጉዳዩን «ምስክር አለህ?» ማለት ጀመረ።

የሁሪያ ምግብ ቤት አልተዘጋም። አቶ ዘውገ ከዳኝነት ከወረዱም በኋላ፣ ሁዳዴ በመጣ ቁጥር፣ ድስቱ ከኋላ ይፈላና ለምሳ ብቻ ወደ መመገቢያው ክፍል ይገባል። በዚያው ሰዓት ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አጣፍተው ወደ ቅዳሴ ያልፋሉ። የሁሪያ ልጅ ሰአዳ በሩ ላይ ትቆማለች።

«እትዬ ደብሪቱ መጡ!»

«ክደኚው!» ትላለች ሁሪያ።

ድስቱ ይከደናል። ጭልፋው አየር ላይ ይቆማል። ኩሊዎቹ ዳቧቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ አንዳንዱ አዲስ ከሆነ ምን እንደ ተፈጠረ ይጠይቃል፣ ሌላው ዝም በል ይለዋል። ይህን ማንም አላዘዘም፤ ወረቀትም አልተጻፈበትም። ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ቤቱ አይዞሩም፣ አያመሰግኑም። እዚያ በር ላይ ሲደርሱ ግን እርምጃቸውን ያፋጥናሉ፤ ሰው ወጥ እየጠበቀ መሆኑን ያውቃሉ።